«ጋሼ፣ ሰዓቱ አልያዘልኝም»፦ በሐዋሳ የታዳጊዎች የቼዝ ውድድር የዲጂታል ሰዓቶች ጉዳይ

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ዙር ተጀምሮ ገና 10 ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ሰዓቱ አልያዘልኝም።» ቁልፉን ተጭናለች፤ ተጋጣሚዋም ስትጫን አይቷል፤ ቁልፉ ሲጫን የተጫነው ሰው ደቂቃ ቆሞ የተጋጣሚው መቀነስ ነበረበት፤ የሚቀንሰው ግን የእሷው ደቂቃ ነው። ዳኛው ሰዓቱን አቁመው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሞከሩት፤ ሠራላቸውና ጨዋታው ቀጠለ። እሑድ ማታ የመጨረሻው ዙር ሲያበቃ በዳኛው ደብተር ላይ ስለ ሰዓት ብቻ 9 አቤቱታዎች ሰፍረው ነበር።

ውድድሩን ያዘጋጀው ሐዋሳ ውስጥ ያለ የአንድ ሰፈር ክበብ ነው። 24 ተጫዋቾች፣ 12 ሰሌዳዎች፣ 5 ዙሮች። ለእያንዳንዱ ልጅ 15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው ደግሞ 10 ሰከንድ ጭማሪ። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ የጨዋታን ዓይነት የሚለየው መነሻው ላይ የ60 እርምጃ ጭማሪ ደምሮ ነው፤ 15 ደቂቃና 60 ጊዜ 10 ሰከንድ 25 ደቂቃ ይሆናል፤ ከ10 በላይ፣ ከ60 በታች ስለሆነ ራፒድ (ፈጣን ጨዋታ) ነው።

ሰዓቶቹ በፕላስተር ከ1 እስከ 12 ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። ከ1 እስከ 4 ያሉት የኔዘርላንዱ ዲጂቲ የሚሠራቸው ዓይነት ናቸው፤ ከላይ አንድ ረጅም ክንድ አላቸው፣ እንደ ሚዛን ወዲህና ወዲያ ያጋድላል። ከ5 እስከ 12 ያሉት ርካሾቹ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ለየብቻ የላስቲክ ቁልፍ አላቸው። ሁሉም የሚሠሩት የግድግዳ ሰዓት በሚበላው ዓይነት ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው።

አቤቱታዎቹ ሲለዩ እንዲህ ሆኑ። አራቱ «አልያዘልኝም» የሚሉ ናቸው። ሁለቱ ከዚህ የከፉ ናቸው፤ በጨዋታ መሀል ስክሪኑ ጠፍቶ ሲመለስ ሁለቱም ወገን 15 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ «ጭማሪው አይገባልኝም»፣ አንዱ ደግሞ «የእኔ ሰዓት ከሌላው ይፈጥናል» የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ በሙሉ የመጡት ከላስቲክ ቁልፎቹ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ፍርድ ፈጣን ነበር፤ «ድንጋዩ አልቋል»። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት የስምንቱም ርካሽ ሰዓቶች ድንጋይ ተቀየረ። እሑድ ግን ችግሩ እንደነበረው ቀጠለ። ምርመራው መነሣት የነበረበት ከዚህ ነው፤ ድንጋይ ተቀይሮ ያልተለወጠ ብልሽት የድንጋይ ብልሽት አይደለም። ከሰዓቶቹ ወጥተው ለመጣል የተዘጋጁት 16 ድንጋዮች በኋላ በቴስተር ሲለኩም ከ1.4 ቮልት በታች የሆነ አንድም አልነበረም።

ይፈጥናል የተባለው ሰዓት

ቀላሉን አስቀድመን እንዝጋ። በእያንዳንዱ ዲጂታል ሰዓት ውስጥ አንድ የኳርትዝ ክሪስታል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ 15 ጊዜ ሲጋመስ 1 ስለሚመጣ ቺፑ ሰከንድን በቀላሉ ያወጣል። ተራ የሚባል ክሪስታል ስሕተቱ ከሚሊዮን 20 ያህል ነው፤ ይህም በ24 ሰዓት 2 ሰከንድ አይሞላም፣ በ25 ደቂቃ ደግሞ 0.03 ሰከንድ ነው። ከዚህም በላይ የሁለቱም ተጫዋቾች ጊዜ የሚቆጠረው በዚያው በአንዱ ክሪስታል ነው፤ ቢሳሳት እንኳ ለሁለቱም እኩል ይሳሳታል። 12ቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ለ1 ሰዓት ከስልክ ሰዓት ጋር ሲነጻጸሩ በዓይን የሚታይ የ1 ሰከንድ ልዩነት አላሳዩም። ዳኛ «ሰዓቱ ይፈጥናል» የሚል አቤቱታ ሲቀርብለት ከክሪስታሉ በፊት አሞላሉን ይመልከት።

በዚህ ጉዳይም ጥፋቱ አሞላሉ ላይ ነበር። ዲጂቲዎቹ የመጀመሪያውን እርምጃ ጭማሪ ከመነሻው ስለሚሰጡ 15:10 አሳይተው ይጀምራሉ። ርካሾቹ ግን ጭማሪውን የሚሰጡት የመጀመሪያው ጭነት ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ 15:00 ብለው ይነሣሉ። ልጁ የጎረቤቱን ሰሌዳ አይቶ 10 ሰከንድ እንደተሰረቀ አሰበ፤ በፊዴ አሠራር የመጀመሪያው እርምጃም ጭማሪ ስላለው ልጁ ትክክል ነበር። መፍትሔው ርካሾቹን በእጅ 15:10 ብሎ መሙላት ነው።

ጭማሪ አይገባም የተባለባቸው ሁለት ሰዓቶች፣ ከዲጂቲዎቹ አንዱና ከርካሾቹ አንዱ፣ ምንም ብልሽት አልነበረባቸውም። ሲሞሉ የተሳሳተ ስልት ተመርጦላቸዋል። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1988 አመልክቶ በ1989 የአሜሪካ ፓተንት ያገኘበት፣ በ1992 ከሌላው የቀድሞ ሻምፒዮን ከስፓስኪ ጋር ሲጫወትም ሥራ ላይ የዋለው ስልት ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ ይሰጣል፤ በፍጥነት የተጫወተ ሰው ደቂቃው ያድጋል። በቼዝ ተጫዋቹ በብሮንስታይን የተሰየመው ስልት የሚመልሰው የተጠቀሙበትን ብቻ ነው፤ ደቂቃው ከነበረበት ከፍ አይልም። ሦስተኛው ስልት የተወሰነ ሰከንድ ዝም ብሎ ይጠብቅና ከዚያ በኋላ መቀነስ ይጀምራል። በሰዓቱ ዝርዝር ላይ ሦስቱም ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ለተቻኮለ እጅ ማሳሳታቸው የታወቀ ነው።

መለያው 10 ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ሰዓቱን አስነሥቶ 2 ሰከንድ ቆጥሮ መጫን፤ የተጫነው ወገን ከነበረበት 8 ሰከንድ ከፍ ካለ ፊሸር ነው። ቀንሶ ወደነበረበት ቁጥር ከተመለሰ ብሮንስታይን ነው። በእነዚያ 2 ሰከንዶች ቁጥሩ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ የመጠበቂያው ስልት ነው። ይህ ፍተሻ ተጫዋቾች ከመቀመጣቸው በፊት በየሰሌዳው ቢደረግ ከ9ኙ አቤቱታዎች ሦስቱ ባልመጡ ነበር።

ጣት የማያምነው ቁልፍ

የጉዳዩ እምብርት የቀሩት ስድስቱ ናቸው፤ አራቱ የማይዙና ሁለቱ የሚጠፉ። መጀመሪያ ሲታዩ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ይመስላሉ። በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ መሆናቸው የታወቀው ሰዓቶቹ በካቻቢቴ ተፈትተው ሲታዩ ነው።

የላስቲኩ ቁልፍ ከስሩ ካርቦን ያለበት ጥቁር ክብ ጉብታ አለው። ሲጫኑት ሰርኪዩት ሰሌዳው ላይ እንደ ተጠላለፉ ጣቶች የተሠሩ ሁለት መስመሮች ላይ ያርፍና ያገናኛቸዋል። በመካከሉ አቧራ፣ የጣት ወዝ ወይም የፈሰሰ ለስላሳ ከገባ ግንኙነቱ ይደክማል። ቺፑም በበኩሉ እያንዳንዱን ንክኪ አያምንም፤ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ ለአፍታ ስለሚነጥሩ፣ ንክኪው ጥቂት ሚሊሰከንድ ጸንቶ ካልቆየ እንደ ንዝረት ቆጥሮ ይተወዋል። የቆሸሸ ቁልፍ በጥፊ ያህል ፍጥነት ተነክቶ ሲለቀቅ ቺፑ ምንም እንዳልሆነ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጣት ግን ሁሉም አንድ ነው። ላስቲኩ ተጫነም አልተጫነም ለስለስ ብሎ ይሰምጣል፤ «ቀጭ» የሚል መልስ የለውም። ልጁ መያዝ አለመያዙን የሚያውቀው ስክሪኑን ቀና ብሎ ሲያይ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው። የሚዛኑ ክንድ ይህን ችግር በአሠራሩ ይፈታዋል። አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ይነሣል፤ ወርዶ ከቀረ ተራው ተላልፏል። ልጁ በጣቱ ያውቀዋል፣ ተጋጣሚው ከፊቱ ከፍ ብሎ ያየዋል፣ ዳኛውም ከሩቅ ሆኖ የማን ተራ እንደሆነ ይለያል።

የጥንቱ የእኛ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ለዚህ ሰዓት ቦታ አይኖረውም ነበር። «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደየፍጥነታቸው ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ መሆን የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። የቼዝ ሰዓት ግን ሥራው በሙሉ ተራ ነው። ጭነት ያልያዘ ሰዓት የሚያጠፋው ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አይደለም፤ ተራው የማን እንደሆነ በሁለት ልጆች መካከል ጥርጣሬ ይከታል።

ፍተሻው ቀላል ነበር። በእያንዳንዱ ወገን ቁልፉን በትንሿ ጣት ቀስ አድርጎ 100 ጊዜ መሀሉ ላይ፣ 100 ጊዜ ደግሞ ውጭኛው ጠርዝ ላይ መጫን፤ አንድ ሰው ይጫናል፣ ሌላው ስክሪኑን እያየ ያልያዙትን ይቆጥራል። አራቱ የሚዛን ሰዓቶች አንድም አልሳቱም። ከስምንቱ ርካሾች አራቱ መሀላቸው ደኅና ሆኖ ጠርዛቸው ሳተ። የባሰው 9ኛው ነበር፤ በቀኝ ጠርዙ ከ100 ጭነት 17ቱን አልያዘም። ጠርዙ የሚከፋው ላስቲኩ ሲያጋድል ካርቦኑ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚያርፍ ነው። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ክንዳቸው አጭር ስለሆነ ሁልጊዜ የሚነኩት የሚቀርባቸውን ጠርዝ ነው። አቤቱታው ከታናናሾቹ የበዛበት ምክንያት ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም ሊገምተው ይችላል። አንድ ጊዜ ያልተያዘለት ልጅ በሚቀጥለው ጠንከር አድርጎ ይጫናል፤ ሁለት ጊዜ ያልተያዘለት ይመታል። በሦስተኛው ዙር አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ የማይደበደብበት ሰሌዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። የፊዴ ደንብ ሰዓትን በኃይል መምታት ይከለክላል፤ ክልከላው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀስ ብሎ ሲጫን የማይሰማን ሰዓት አቅርቦ ልጁን «ለምን መታህ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥፋቱ የድንጋይ መያዣው ሞላ ነው

6ኛውና 11ኛው ሰዓት በጨዋታ መሀል የጠፉት ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም አዲስ ድንጋይ ነበራቸው። ክዳናቸው ተከፍቶ ድንጋዩ በጣት ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ያህል ወደ ሞላው፣ ድንጋዩን ወጥሮ ወደሚይዘው ጥምዝ ሽቦ፣ ሲገፋ ስክሪኑ ጠፋ፤ ሲለቀቅ 15:00 ብሎ ተመለሰ። ክዳኑ ተዘግቶ ጠረጴዛው ከጎኑ በቡጢ ሲመታም ያው ሆነ፤ 6ኛው በ10 ምት 3 ጊዜ ጠፋ።

ሞላው ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሲቆይ ይተኛል። በ6ኛው ሰዓት ላይ ከመተኛቱም በላይ ጫፉ ዝጓል፣ ቀድሞ የፈሰሰ ድንጋይ ነጭ ዱቄት ትቶበታል። ሰዓቱ ሲመታ ድንጋዩ ለቅጽበት ከሞላው ይለያያል፣ መብራቱ ይቋረጣል፣ ቺፑ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የነበረውን ደቂቃም የሚያስታውስበት መንገድ የለውም። እንዲህ ያለ ሰዓት በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ ጥሩ ድንጋይ ብዙ ወራት ያቆየዋል፤ ስለዚህ ድንጋይ ከመግዛት በፊት ሞላውን ማየት ነው።

ሰንሰለቱ ይኸው ተሟላ። ቁልፉ ለጣት አይመልስም፤ ልጁ ይመታል፤ ድንጋዩ ይዘላል፤ ሰዓቱ ይጠፋል። የቁልፍ አያያዝ የምቾት ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ ሰዓት ሲገዛ በመጨረሻ የሚነሣ ነገር ነው። እዚህ ግን የአስተማማኝነቱ ሥር እሱ ሆኖ ተገኘ።

ዳኛው ፊት የቀረው ሁለት ጊዜ 15:00

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በተጀመረው ዙር 6ኛው ሰዓት 8፡22 ላይ ጠፋ። ደንቡ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ግልጽ ብልሽት እስካልታየ ድረስ የሰዓቱ ንባብ የመጨረሻ ነው፤ ግልጽ ብልሽት ያለበት ሰዓት ይቀየራል፤ በተቀየረው ላይ የሚሞላውን ጊዜ ዳኛው በተቻለው ፍትሐዊነት ይወስናል። ዳኛው ሰዓቱን ቀይረው ለሁለቱም 10 ደቂቃ ሰጡ። አንደኛው ልጅ ግን «እኔ 5 ደቂቃ እበልጠው ነበር» አለ። የሚያስረዳለት ማስረጃ አልነበረም።

ድምሩን ማግኘት ይቻል ነበር። ልጆቹ እርምጃቸውን ይጽፉ ስለነበር (በራፒድ ግዴታ ባይሆንም ክበቡ ያስጽፋል) 30 30 እርምጃ መሄዳቸው ታውቋል። መነሻው 30 ደቂቃ፣ የ60ው እርምጃ ጭማሪ 10 ደቂቃ፤ ጠቅላላ የተሰጠው ወደ 40 ደቂቃ ነው። ከዙሩ መጀመሪያ ያለፈው 22 ደቂቃ ሲቀነስ ለሁለቱ በአንድነት የሚቀረው 18 ደቂቃ ገደማ ነው፤ 20 አይደለም። ይህ ስሌት ድምሩን እንጂ ክፍፍሉን አይነግርም። ለክፍፍሉ የሚያገለግለው በየ5 ደቂቃው በሰሌዳዎቹ መካከል ሲያልፉ ስክሪኖቹን በስልክ ማንሣት ነው። 12 ሰሌዳ ለማንሣት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ፎቶው የ5 ደቂቃውን ብልጫ የሚያሳይ ቢሆን ልጁ 11 ተኩል፣ ተጋጣሚው 6 ተኩል ይዘው ይቀጥሉ ነበር፤ በእኩል 10 መከፈሉ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው የሰጠው ቀላል አይደለም።

ጥገናው

ስምንቱ ርካሽ ሰዓቶች የተጠገኑት በአንድ ምሽት ነው፤ የወጣው ወጪም ከአንድ ጥቅል ድንጋይ ዋጋ አይበልጥም።

ለቁልፉ፦ ድንጋይ ይወጣል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ ላስቲኩ ይነሣል። ሰርኪዩት ሰሌዳው ላይ ያሉት መስመሮች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ይታሻሉ፤ በጆሮ ማጽጃ ጥጥና በአልኮል ይወለወላሉ። ጥቁሩ ጉብታ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ካርቦኑ ስስ ስለሆነ አብሮ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉ ጨርሶ አይመለስም። ሲገጠም ላስቲኩ በቦታው ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል፤ ተጣጥፎ ከተዘጋ ጠርዙ እንደገና ይስታል።

ለሞላው፦ በቀጭን ፒንሳ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ይሳባል። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል፤ እዚህ ይፈቀዳል። ነጩ ዱቄት የሚጸዳው እንደ ድንጋዩ ዓይነት ነው። ከአልካላይን ድንጋይ የፈሰሰው አልካሊ ስለሆነ ጥቂት አቼቶ የነካ ጥጥ ያነሣዋል። ከርካሹ የዚንክና ካርቦን ድንጋይ የሚፈሰው ግን አሲድነት ስላለው ለእሱ የሚሆነው በውኃ የራሰ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ከዚያ በአልኮል ተወልውሎ በደንብ ይደርቃል። ድንጋዩ አሁንም ከላላ በእሱና በክዳኑ መካከል የታጠፈ ወረቀት መወተፍ ይበቃል። በሁለቱ ጫፎች ላይ ግን ወረቀት አይገባም፤ ግንኙነቱን ይቆርጣል።

የብዙዎቹ የእግር ላስቲክ ወድቆ ስለነበር ሲጫኗቸው ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተቱ ነበር፤ የሚሸሽ ሰዓት ደግሞ በኃይል ይመታል። ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ አራት አራት ቁራጭ ተቆርጦ ተለጠፈላቸው።

አቀማመጡም ተለወጠ። ሰዓቶቹ ድንጋይ እንዳለባቸው በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተቆልለው ይከርሙ ነበር፤ ድንጋይ የሚፈሰውም እንዲህ ሲረሳ ነው። አሁን ውድድር ሲያበቃ ድንጋዩ ይወጣል። ይህ የተሞላውን ስልት ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰዓት ሆድ ላይ እንዴት እንደሚሞላ በአማርኛ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል፦ የትኛው ቁጥር ፊሸር እንደሆነ፣ መነሻው 15:10 ወይስ 15:00 መባል እንዳለበት፣ ደቂቃ ለማረም የትኛው ቁልፍ ተይዞ እንደሚቆይ። የመጨረሻው ለዳኛ ወሳኝ ነው፤ ሕገወጥ እርምጃ ሲኖር ለተጋጣሚው ጊዜ መጨመር አለበት፤ ፊዴም ሰዓት ይህን እርማት በ60 ሰከንድ ውስጥ ማስቻል አለበት ይላል።

ፍተሻው ሲደገም ከስምንቱ ስድስቱ በጠርዝም በመሀልም አንድም አልሳቱም፣ በ10 ምትም አልጠፉም። 11ኛው ክዳኑን የሚይዘው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብሮ ስለተገኘ በፕላስተር ታስሮ ለልምምድ ብቻ ቀረ። 9ኛው ቀኝ ጉብታው ላይ ካርቦኑ ተገጦ አልቋል፤ ከጽዳት በኋላም ከ100 ጭነት 6ቱን ይስታል።

ክበቡ በሁለቱ ምትክ ሊገዛ ያሰበው የሚዛን ክንድ ያላቸውን ነው፤ ቢወደዱም ምርጫው ትክክል ነው። ሱቅ ውስጥ መታየት ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ክንዱ ጫፉ ላይ በትንሿ ጣት ሲነካ ይወርዳል? መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል? ክዳኑ ተዘግቶ ሰዓቱ በመዳፍ ሲመታ ስክሪኑ ብልጭ ይላል? ቁጥሩ ከ3 ሜትር፣ የማን ተራ እንደሆነ የሚያሳየው ምልክት ደግሞ ከ10 ሜትር ይለያል? እነዚህ ሁለት ርቀቶች የፊዴ መስፈርት ናቸው። ድንጋይ ሊያልቅ ሲል ያስጠነቅቃል? መስፈርቱ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ቢያንስ 10 ሰዓት ያለ እንከን እንዲሠራ ይጠይቃል። የሚዛኑም ሰዓት አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከመነሻው በፊት የነጩ ወገን ክንድ ከፍ ብሎ መቆም አለበት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ሰከንድ ከጥቁሩ ይቀነሳል።

እስኪገዛ ድረስ ታናናሾቹ ልጆች በሚቀመጡባቸው ሰሌዳዎች ላይ ከ1 እስከ 4 ያሉት ሰዓቶች ተደርገዋል። 9ኛው ተፈትቶ መለዋወጫው ለሌሎቹ ተቀምጧል።